ራሱን መምረጥ ያፈረው እጩ

ራሱን መምረጥ የሚያፍር እጩ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ እዚሁ ሐይቅ ከተማ አይቻለሁ፤ ያውም ተማሪዬ ነው።

ሥነ ዜጋ አስተምራለሁ። ዘንድሮ በትምህርት ቤታችን "የተማሪዎች መንግሥት" ስናስመርጥ፣ ርዕሰ መምህሩ የአሸናፊውን የመጀመሪያ ትእዛዝ እንደሚፈጽሙ ቃል ገቡ። ሰይድ የተበላሸውን የውኃ ቧንቧ አስጠግናለሁ አለ። መሠረት ደግሞ ለሚኒስትሮቿ የክብር ወንበር አስገዛለሁ አለች።

መሠረት በሁለት ድምፅ አሸነፈች። በቧንቧው ተስፋ ቆርጬ ስቀመጥ ሰይድ ሊያጽናናኝ መጣ።

"ቲቸር፣ የራሴን ስም መጻፍ ነውር ሆነብኝና የሷን ጻፍኩ።"

ራሱን ቢመርጥ እኮ እኩል ይወጡ ነበር! ሰይድ እንደመረጣት ነግሬ መሠረትንም ማንን እንደመረጠች ጠየቅኳት።

"ራሴን ነዋ! እሱ አምኖብኝ እኔ በራሴ ልጠራጠር?"

ወንበሮቹ መጡ። ቧንቧው ግን እንደተበላሸ ነው። በአንድ ልጅ ይሉኝታ፣ ያን የሚያህል ሐይቅ አጠገባችን ተኝቶ፣ ትምህርት ቤቱ በሙሉ ከቤቱ ውኃ በኮዳ አንጠልጥሎ ይመጣል።

ትናንት ሰይድን "ለከርሞስ ራስህን ትመርጣለህ?" አልኩት።

"ወላሂ ይከብደኛል ቲቸር። ሰው ምን ይለኛል?"

"ምንም አይልህም" አልኩት፤ "ሰዉ ጉሮሮው ደርቋል።"