የጾመኛው ስብ

በየመሥሪያ ቤቱ ሳይማር ሐኪም የሆነ አንድ ሰው አይጠፋም። ጋምቤላ ክልል ሆና ስትዋቀር ከአዲሶቹ ቢሮዎች ለአንዱ ወንበር እንኳ አልተሟላለትም ነበር፤ እንዲህ ያለ ሐኪም ግን ነበረው። እሳቸውም ክቡር አቶ ጥዑመልሳን፣ የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ናቸው።

አቶ ጥዑመልሳን ሸንቃጣ ሰው ናቸው። ከደጋ መጥተው ባሮ ዳር ከከተሙ አሥራ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ አንድ ጾም አልገደፉም። ደብዳቤ ሊያስገባ የመጣ ሁሉ ወረቀቱን ከማቀበሉ በፊት ሆዱ ይታያል። ራስ ምታት? "ስብ ነው።" ወገብ? "ስብ ነው።" ጸሐፊዋ ዘኪያ ጥርሷን ባመማት ቀን እንኳ "ቅቤ ቀንሺ" ብለዋታል።

ያልመረመሩት የገዛ ዘመዶቻቸውን ብቻ ነው። አባታቸው በአርባ ሁለት ዓመታቸው እርሻ ላይ ወድቀው ቀሩ። ታላቅ ወንድማቸው በሠላሳ ስምንት፣ ሰርግ ላይ ሲጨፍሩ። ሁለቱም ቀጫጮች ስለነበሩ በስብ ማሳበብ አልተቻለም። "አባቴን ፀሐይ፣ ወንድሜን የሰው ዓይን" ብለው ዘግተውታል።

አንድ ክረምት ወባ ያዛቸውና ጤና ጣቢያ ሄዱ። የጤና መኮንኑ ኩዌት፣ እዚያው ባሮ ዳር ያደገ ወጣት፣ አልጋ ላይ አጋድሟቸው ሲመረምራቸው ዓይኑ ባዶ እግራቸው ላይ ቀረ። ከተረከዛቸው በላይ ያለው ጅማት ወፍሮ፣ ጠንካራ ጉብታ አብቅሏል።

"ይሄ ምንድነው፣ ጋሼ?"

"ጫማ ነው። ጠባብ ጫማ አድርጌ ነው።"

ኩዌት እጃቸውን አነሳ። በጣቶቻቸው አንጓ ላይም ያው ጉብታ አለ።

"እጅዎም ጫማ ያደርጋል?"

አቶ ጥዑመልሳን እጃቸውን መልሰው ሰበሰቡ።

"ከቤተሰብ በወጣትነቱ ድንገት የሞተ ሰው አለ?"

ስለ ፀሐዩና ስለ ዓይኑ ነገሩት። ኩዌት አልሳቀም። አዲስ አበባ የሚደረግ የደም ምርመራ ጻፈላቸው።

ከወር በኋላ ውጤቱን ይዘው ተመለሱ። የደማቸው ስብ፣ ኮሌስትሮል የሚሉት፣ ከሁለት መቶ ማለፍ ያልነበረበት፣ አራት መቶ ሠላሳ ገብቷል።

"የሌላ ሰው ደም ነው" አሉ። "የሆነ የወፍራም ሰው።"

"የእርስዎ ነው። ከምግብ አልመጣም። ጉበትዎ ስቡን ከደም ውስጥ እንደሚገባ አያነሳውም፤ እንዲህ ሆነው ነው የተወለዱት። አባትዎም፣ ወንድምዎም እንዲሁ ሳይሆኑ አይቀሩም።"

"አባቴ ሥጋ የሚቀምሰው ለፋሲካ ነበር።"

"አምንዎታለሁ።"

"ታዲያ ጾሙስ?"

"ይጹሙ፣ ጥሩ ነው። ብቻውን ግን አይበቃም። ስቡን የሚያወርድ ኪኒን አለ፤ ከአዲስ አበባ እናስመጣለን።" ኩዌት እስክሪብቶውን አስቀመጠ። "ልጅ አለዎት?"

አንዲት አለቻቸው። ኮከብ አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ በትምህርት ቤቱ የሩጫ ውድድር የሚቀድማት የለም።

"እሷም ትመርመር። የመውረሷ ዕድል ግማሽ በግማሽ ነው።"

በባሮ ዳር ወደ ቤታቸው ሲሄዱ ሐሳባቸው አልጨበጥ አላቸው። ላልበሉት ስብ ማን ይጠየቃል? ቤት ገብተው ልጃቸውን ተረከዝሽን አሳዪኝ አሏት። ለስላሳ ነው። እፎይ ሊሉ ሲሉ፣ ኩዌት ጉብታው በልጅነት ላይታይ ይችላል ማለቱ ትዝ አላቸው።

ትምህርት ሲዘጋ አዲስ አበባ ወስደው አስመረመሯት። ሦስት መቶ አርባ።

ኮከብ ወረቀቱን ገልብጣ አየችው። "አባዬ፣ ምን ማለት ነው?"

የቢሮውን ሰው ሁሉ ሲያክሙ የኖሩት ሰው ወረቀቱን ተቀብለው አጠፉት።

"እኔ አላውቅም፣ ልጄ" አሉ። "የሚያውቅ ሰው አለ። ሄደን እንጠይቀው።"

ጋምቤላ በተመለሱ ማግስት ኩዌት በሩ ላይ አባትና ልጅ እጅ ለእጅ ተያይዘው አያቸው። ያን ቀን አቶ ጥዑመልሳን አንድም ነገር አላስረዱም። ኩዌት ወንበር ስቦ ሰጣቸው።

"ለእሷ ኪኒኑ ገና ነው፤ ክትትሉን ግን ዛሬ እንጀምራለን" አለ። "እንኳን ይዘዋት መጡ። ጊዜ አለን።"