ለምሳ ሰዓት የደረሰ ሜሎን

(እሑድ ጠዋት፣ ፓሪስ፣ የገበሬዎች ገበያ። ገበሬዎቹ መንገዱን ዘግተው ድንኳናቸውን ደርድረዋል። ጎንትራንና ባርናቤ እህትማማቾችን ያገቡ ሰዎች ናቸው። ጎንትራን ትልቋን ስላገባ ሁሉን ያውቃል፤ ባርናቤ ታናሿን ስላገባ ዘንቢሉን አንጠልጥሎ ይከተላል። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሜሎን ሲያመርቱ የኖሩት አማታቸው፣ ማዳም ኤርሚን፣ ዛሬ ምሳ ጠርተዋቸዋል። ለሁለቱም ደብዳቤ ልከዋል፦ «ልክ ለምሳ ሰዓት የደረሰ ሜሎን መርጦ ያመጣልኝ አማቼ የገጠር ቤቴን ይወርሳል።» ጎንትራን ሦስት ሌሊት አልተኛም። የቤቱን መስኮቶች በሐሳቡ ሰማያዊ ቀብቶ ጨርሷል።)

ጎንትራን፦ እጅህን ሰብስብ! እዚህ ገበያ ሜሎን አይነካም!

ባርናቤ፦ ሳልነካው በምን አውቀዋለሁ?

ጎንትራን፦ ማወቁን ለኔ ተወው። መጀመሪያ የሚመረመረው ገበሬው ነው። ያ ድንኳን ሙዝ ይሸጣል፤ አየኸው? ፓሪስ ዳር ሙዝ የሚያበቅል ገበሬ አይተህ ታውቃለህ?

ባርናቤ፦ እኔ የማውቀው ገበሬ አማታችንን ብቻ ነው።

ጎንትራን፦ ነጋዴ ነው! በጅምላ ገዝቶ ገበሬ ነኝ ይላል። ይቺን ሴትዮ ግን ተመልከት። ጥፍሯን እየው።

ባርናቤ፦ ቆሽሿል።

ጎንትራን፦ ቆሻሻ አይደለም፣ ማስረጃ ነው!

ባርናቤ፦ የኔም እኮ ቆሽሿል።

ጎንትራን፦ ያንተ ስንፍና ነው።

ባርናቤ፦ እሺ። ግን ጎንትራን፣ ደብዳቤው ላይ አማታችን ደግሞ...

ጎንትራን፦ ደብዳቤውን ለኔ ልታነብልኝ ነው? በቃሌ ይዤዋለሁ! «ቤቴን ይወርሳል።» አለቀ። አሁን ስማኝ። ይቺ ሴትዮ «ለመቼ ነው?» ብላ ትጠይቅሃለች።

ባርናቤ፦ ለዛሬ ምሳ እላታለኋ።

ጎንትራን፦ (ግንባሩን እየመታ) ጉድ ሆንክ! ለዛሬ ካልካት ሊበሰብስ ጫፍ የደረሰውን ታሸክምሃለች። ለሐሙስ ስትላት ግን ትኩሱን፣ ዛሬ የተቆረጠውን ታወጣለች። ብልህ ሰው ለሻጭ እውነት አይናገርም።

ባርናቤ፦ ለሐሙስ ብለን ወስደን ዛሬ ስንበላው አይቀየምም?

ጎንትራን፦ ማን?

ባርናቤ፦ ሜሎኑ።

(ጎንትራን ወደ ሻጯ፣ ወደ ሶላንዥ ይዞራል።)

ሶላንዥ፦ ደህና አደራችሁ ጌቶቼ። ለመቼ ነው?

ጎንትራን፦ ለሐሙስ!

ሶላንዥ፦ ለሐሙስ ቀን ወይስ ለሐሙስ ማታ?

ጎንትራን፦ እ... ማታ። ልጣጩ ላይ አሥር መስመር ያለውን ይስጡኝ፤ የሚጣፍጠው እሱ ነው። ዘጠኝ ከሆነ አልቀበልም።

ሶላንዥ፦ (መስመሩን ዞር ብላም ሳታይ) ይኸው። እስከ ሐሙስ ማታ ቢላ እንዳያስጠጉት።

ጎንትራን፦ (በሹክሹክታ) ጥንካሬውን አየህ? ድንጋይ! ትኩስ ማለት ይሄ ነው።

ሶላንዥ፦ እርስዎስ የኔ ጌታ?

ባርናቤ፦ ለዛሬ። ለሰባት ሰዓት ከሩብ። ማለቴ፣ በሰባት ሰዓት ነው የምንደርሰው፤ ግን አማታችን መጀመሪያ ይሄን ሰውዬ ሩብ ሰዓት ያህል ይቆጡታል።

ሶላንዥ፦ ሁልጊዜ?

ባርናቤ፦ እሑድ እሑድ።

ሶላንዥ፦ ተቀምጠው ነው ቆመው?

ባርናቤ፦ ቆመው።

ሶላንዥ፦ እንግዲያው ሃያ ደቂቃ ይፈጃል። (ያነሳችውን ሜሎን መልሳ ሌላ ታነሳለች።) በምን ትሄዳላችሁ?

ባርናቤ፦ በአውቶቡስ።

ሶላንዥ፦ በድንጋይ ንጣፉ በኩል?

ባርናቤ፦ አዎ፣ ያንገጫግጫል።

ሶላንዥ፦ መንገጫገጭ ያበስላል። (ይሄንንም ትመልሳለች።) ጭንዎ ላይ ነው የሚይዙት?

ባርናቤ፦ ጭኔ ላይ።

ሶላንዥ፦ ጭንዎ ይሞቃል?

ባርናቤ፦ (ብዙ አስቦ) የቀኙ።

ሶላንዥ፦ በግራው ይያዙት። (አንዱን አሽትታ፣ ጆሮዋ ላይ አስጠግታ አዳምጣ ትሰጠዋለች።) ሰባት ሰዓት ከሃያ። ከሃያ አንድ ካለፈ እኔ የለሁበትም።

(አውቶቡስ ውስጥ። የባርናቤ ሜሎን መዓዛ እስከ ሾፌሩ ያውዳል። ሰው ሁሉ ይዞራል። ጎንትራን የሚይዘው የሚጨብጠው ጠፍቶታል።)

ባርናቤ፦ ያንተስ አይሸትም?

ጎንትራን፦ (አፍንጫውን የራሱ ዘንቢል ውስጥ ነክሮ) የኔ... ቁጥብ ነው። (ሜሎኑን በጣቱ ያንኳኳል። ፊት ለፊት የተቀመጡ ሴትዮ «ይግቡ!» ይላሉ።) ባርናቤ፣ ያቺን ነጭ እርግብ አየሃት?

ባርናቤ፦ የቷን?

ጎንትራን፦ እዚያ ጣሪያው ላይ! ተረጋግተህ ፈልጋት።

(ባርናቤ ሁለት ፌርማታ ሙሉ እርግብ ይፈልጋል። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ቢባልም ጎንትራን ቤቱ ታይቶታል፤ ሁለቱን ሜሎኖች ይለዋውጣል። ከዚያ ወርደው የማዳም ኤርሚን ሕንፃ ሥር ይቆማሉ።)

ጎንትራን፦ ደስታዬን አልቻልኩም፣ ልንገርህ። እርግብ አልነበረችም።

ባርናቤ፦ አውቃለሁ።

ጎንትራን፦ ሜሎንህን ወስጄብሃለሁ!

ባርናቤ፦ አውቃለሁ። እንዲመችህ ብዬ እኮ ነው ዘንቢሌን ወዳንተ ያስጠጋሁት።

ጎንትራን፦ (እየሳቀ) አቤት የዋህነት! እንዲያ ያለ ቤት በእርግብ ለቀቅክ!

ባርናቤ፦ ቤቱንማ እወደዋለሁ። የፈራሁት የደብዳቤውን ጀርባ ነው።

ጎንትራን፦ ደብዳቤው... ጀርባ አለው?

ባርናቤ፦ (ከኪሱ አውጥቶ ያነባል) «ከተማ መረረኝ፤ ብቻዬን መመለስ ደግሞ እፈራለሁ። ስለዚህ ቤቱን የወረሰው አማቼ በነጋታው አብሮኝ ገጠር ይገባል። ዶሮ ሲጮህ እየተነሳን ሜሎን እንኮተኩታለን፤ እስክሞት ድረስ። ጤንነቴ በጣም ጥሩ ነው።»

ጎንትራን፦ (አመድ መስሎ) መልስልኝ! የኔን ሜሎን መልስልኝ!

ባርናቤ፦ እስቲ ቀና በል።

(ከሦስተኛ ፎቅ መስኮት ማዳም ኤርሚን ግማሽ አካላቸውን አውጥተው አየሩን በአፍንጫቸው ይስባሉ። መዓዛው ከማን ዘንቢል እንደሚወጣ ለይተዋል። በስምንት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ጎንትራንን አይተው ፈገግ ይላሉ፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።)

ጎንትራን፦ (ፈገግታውን በግድ እየመለሰ፣ በጥርሱ መሐል) ባርናቤ፣ ወንድሜ፣ በልጆችህ! ያ ድንጋይ የኔ እኮ ነው!

ባርናቤ፦ (በሩን እየከፈተለት) ይሄማ ለሐሙስ ማታ ነው። እኔና ሚስቴ ስንበላው በመልካም እናነሳሃለን።