የሰው ኪልት በመልስ ግብዣ ላይ እንዴት እንደቀደድኩ

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ኮሎራዶ፣ አውሮራ ከተማ ውስጥ፣ በገዛ ልጄ መልስ ላይ፣ አዳራሽ ሙሉ ሰው ጭኔን አየ!

አዎን፣ የእኔን ጭን። የጀመራችሁትን ቪዲዮ አቁሙና ይህን አንብቡ።

እዚህ ገጽ ላይ ከተመዘገብኩ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል፤ እስከ ዛሬ አንዲት ቃል አልጻፍኩም። የሰውን ጽሑፍ በዝምታ እያነበብኩ ስሕተቱን በልቤ አርም ነበር። አሁን ግን የእኔው ስሕተት በሌላ ሰው ስልክ ተቀርጾ ሳይቀድመኝ ራሴው ልናገረው ወሰንኩ።

ከመነሻው ላስረዳ።

ልጄ ሰብለ ትናንት አገባች። ባሏ ኢየን ይባላል፤ ዴንቨር ተወልዶ ያደገ፣ የዘር ሐረጉ ከስኮትላንድ የሚመዘዝ ልጅ ነው። ለዚህ ጋብቻ አንድ ዓመት ሙሉ እሺም እምቢም አላልኩም ነበር። የማልወደው ሆኖ አይደለም። ስለ ልብ ጉዳይ መናገር አልለመደብኝም። ዝምታዬን ግን ሁሉም እንደየፍርሃቱ ተርጉሞት ኖሯል።

የኢየን አባት ዳንከን የእኔ እኩያ፣ ፓርክ ሂል ሰፈር የሚኖር ጡረተኛ አናጺ ነው። ትናንት በሠርጉ ላይ ከአንገት እስከ እግሩ የእኛን ነጭ የባህል ልብስ ለብሶ መጣ። አዳራሹ ቀለጠ!

ታዲያ ለእንዲህ ያለ አክብሮት ምን ይመለሳል? ዛሬ በመልሱ እኔ የእሱን አገር ልብስ እንድለብስ ተስማማን።

ኪልት!

ለማታውቁት፣ የስኮትላንድ ወንዶች የሚታጠቁት፣ ጉልበት ላይ የሚያበቃ ባለ ካሬ ሱፍ ነው። ከኋላው ሽንሽን ነው፤ ከፊቱ ደግሞ ሁለት ለጥ ያሉ ድርቦች አንዱ ባንዱ ላይ ያርፋሉ። በላይኛው ድርብ ግርጌ ጥግ ላይ ፒን የሚሉት ባለ መርፌ ጌጥ ይደረጋል።

ዳንከን ያዋሰኝ የሟች አባቱን ኪልት ነው። ከአባቱ የቀረው ልብስ እሱ ብቻ ነው።

ሐሙስ ዕለት ቤቱ ጠርቶ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ አሳየኝ። ቀጭን፣ ሰይፍ የሚመስል፣ ቀላል ፒንም አብሮ ሰጠኝ።

«ፒኑ የላይኛውን ድርብ ብቻ ነው የሚይዘው» አለኝ። «ሁለቱን አንድ ላይ ከወጉት ሲቀመጡና ሲነሱ ጨርቁ ይሳባል፤ ይቀደዳል። መርፌውንም በክሮቹ መካከል ቀስ አድርገው ያሳልፉት።»

«አውቃለሁ» አልኩት።

ከየት አውቄ!

በወጣትነቴ ዩኒቨርሲቲ አስተምሬያለሁ፤ እዚህ አገር ደግሞ በአንድ ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። እንደ እኔ ያለ ሰው «አላውቅም» የሚለውን ቃል ለሌሎች ያስተምረዋል እንጂ ራሱ አይጠቀምበትም።

ዛሬ ጠዋት ቻምበርስ ሮድ ካለው አፓርታማችን መስተዋት ፊት ቆሜ ሳለሁ ሁለት ነገር አሳሰበኝ።

መጀመሪያ ነፋሱ። የኮሎራዶን ነፋስ ታውቁታላችሁ፤ የመኪና በር ከእጅ የሚነጥቅ ነው። የሙሽራዋ አባት የልብሱ ፊት እየተገለበ ፓርኪንግ ሎት ሊያቋርጥ ይገባዋልን?

ከዚያ ደግሞ ፒኑ። የጥርስ መጎርጎሪያ ያህላል! እኔ በበኩሌ ጡረታ ስወጣ የሥራ ባልደረቦቼ የሸለሙኝ፣ በመጽሐፍ ቅርጽ የተሠራ፣ የእንቁላል ያህል የሚመዝን የብር ፒን አለኝ። መርፌው ሚስማር ነው ማለት ይቻላል። የተማረ ሰው መሆኔን ከሩቅ ይናገራል ብዬ አሰብኩ።

ተናግሯል።

ነፋሱ እንዳይገባ ሁለቱን ድርብ አንድ ላይ ያዝኩና በዚያ ሚስማር ወጋሁት። አልገባም አለ። ገፋሁት። አሁንም እምቢ አለ። ክርኔን ግድግዳ አስደግፌ ገፋሁት።

ጨርቁ ውስጥ «ጠስ» የሚል ድምፅ ተሰማኝ። ክር ነው የተበጠሰው። እኔም እንዳልሰማ ሆንኩ፤ በዚህ ረገድ የረጅም ጊዜ ልምድ አለኝ።

ባለቤቴ ያለምዘርፍ ከላይ እስከ ታች አየችኝ። «ሰውዬው ያለህ እንዲህ ነው?»

«ትንሽ አሻሽዬዋለሁ።»

«አንተ እኮ የሰው ጸሎት ሳይቀር ታሻሽላለህ!»

አዳራሹ በር ላይ ፓርክ አድርጌ ስወርድ እግሬ አልዘረጋ አለኝ። እንደታሰረ ዶሮ እየነጠርኩ ገባሁ። የባለቤቴ ወንድም ኃይሉ ተቀበለኝ። «ጋሼ፣ ምነው? ጫማው ጠበበ እንዴ?»

«በክብር መራመድ ይባላል» አልኩት።

አሁን ጥፋቱ ዘንድ ደረስን። ስኮትላንዳዊ ብሆን ኖሮ ያ ፒን እስከ ግብዣው መጨረሻ በያዘ ነበር። ስኮትላንዳዊ ከተቀመጠ ተቀመጠ ነው። እኛ ግን «ኖር» አለብን!

ሰው በገባ ቁጥር ከመቀመጫ ነሣ ብሎ «ኖር!» ማለት፤ የገባው «በእግዚአብሔር!» ሲል መልሶ መቀመጥ። ጉልበት ግማሽ ታጥፎ፣ ወገብ ጎንበስ ብሎ። ለኪልት ከዚህ የከፋ አቋም ሊኖር አይችልም። በሩ ደግሞ ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ ይከፈታል።

ኖር! ጨርቁ ሳብ። ኖር! ጨርቁ ሳብ። እኔም ልብሱ እየለመደኝ ነው እላለሁ።

በመጨረሻ እማማ ጥሩወርቅ ገቡ። ከተጋባዡ ሁሉ በዕድሜ ታላቅ ናቸው፤ በዎከራቸው እየተደገፉ በቀጥታ ወደ እኔ መጡ። ለእሳቸው ግማሽ መነሣት ነውር ነው። ሙሉ በሙሉ ብድግ አልኩ።

ጨርርርርር!

ዲጄው ሳይቀር ዞሮ አየ። ፒኑ ተስፈንጥሮ እማማ እግር ሥር አረፈ። ሱፉ ከጠርዙ ጀምሮ ከስንዝር በላይ ወደ ላይ ተተረተረ፤ ሰባ አንድ ዓመት ተከብሮ የኖረ ጭኔም አደባባይ ወጣ።

እማማ ጥሩወርቅ ረጋ ብለው ተመለከቱና፣ «በእግዚአብሔር፣ በእግዚአብሔር! ተቀመጥ ልጄ፤ ሁሉንም አይቻለሁ» አሉ።

ከኋላ ያሉት ሣቁ። ዳንከን ግን ኩሽና በኩል ስለነበር አላየም።

አላየም! ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። እኔ ግን የኃይሉን ጋቢ ነጥቄ ጭኔ ላይ ደረብኩና ተቀመጥኩ። ሳልነሣ ግብዣውን ልፈጽም፣ ቀዳዳውን በኋላ በድብቅ ላሰፋ!

እስክስታ ተጀመረ። ኑ አሉኝ፤ ራሴን ነቀነቅኩ። ሙሽሮቹ ራሳቸው መጥተው እጄን ሳቡኝ፤ ጋቢውን ጨብጬ ቀረሁ። ቀጥሎ ዳንከን ብርጭቆውን አንሥቶ «ለሰብለ አባት!» ሲል አዳራሹ በሙሉ ቆመ።

እኔ ብቻ ተቀምጬ ነበር። በራሴ ስም ሰው ሁሉ ሲቆም!

ሹክሹክታው ወዲያው ጀመረ። «ድሮስ መቼ ፈቀዱ?» ሲባል ሰማሁ። ሰብለ ጎንበስ ብላ ጆሮዬ ሥር፣ «አባባ፣ ኦን ማይ ዌዲንግ? ስቲል አልተቀበልከውም?» አለች።

ያለምዘርፍ በክርኗ ወጋችኝ። «ወይ ተነሥ፣ ወይ ንገረው!»

መነሣት አልችልም። ስለዚህ ዳንከንን በእጄ ጠራሁት። ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ። ፊቱ ጠቁሯል።

«በልጄ ቅር ብሎዎታል?» አለኝ።

ጋቢውን ገለጥኩለት።

የተበጣጠሱትን ክሮች ባናጺ ጣቶቹ አንድ በአንድ ዳሰሳቸው። «አባቴ እኔን ሲድረኝ ይህን ለብሶ ነበር» አለ። ቀጥሎም በጣም በትሕትና፣ «ሐሙስ የነገርኩዎትን አልሰሙኝም ነበር? ወይስ በፍጥነት ተናግሬብዎት ይሆን?» ሲል ጠየቀኝ።

ተመልከቱ የሰውን ደግነት! ሁለት መውጫ በር ከፈተልኝ፤ አንዱ ጆሮዬ፣ አንዱ እንግሊዝኛዬ። በሁለቱም ማምለጥ እችል ነበር። ሰብለ ግን ከራሴ በላይ ቆማ ትሰማለች።

«ሰምቻለሁ፤ ገብቶኛልም» አልኩት። «ከእርስዎ የተሻለ የማውቅ መስሎኝ ነው። የእርስዎ ፒን አነሰኝ። በልጅዎ ቅር አልተሰኘሁም፤ እወደዋለሁ። ይህንንም መናገር ከዓመት በፊት ይገባኝ ነበር።»

ሰብለ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። «ኦ ማይ ጋድ፣ አባባ! ይሄን ለማለት ልብስ መቅደድ ነበረብህ?»

ዳንከን አልሣቀም። «ማክሰኞ ጠዋት ቤቴ ይምጡ» አለኝ። «እኔ ክሩንና ብርሃኑን አዘጋጃለሁ። የሚሰፉት እርስዎ ነዎት።»

«እኔ እንኳ...» ብዬ ጀመርኩ።

«እኔ አሳይዎታለሁ። እርስዎ ይሰፋሉ።»

ተፈረደብኝ። ይግባኝም የለው።

እንግዲህ ሣቁ፤ ኮሜንቱ ክፍት ነው። እሑድና ሰኞ ለልምምድ አሉኝ፤ ስለዚህ በሰባ አንድ ዓመቴ በሰው ፊት የማቀርበውን የመጀመሪያ ጥያቄዬን ላቅርብ፦ በመርፌ ቀዳዳ ክር የሚገባው መነጽር አድርጎ ነው ወይስ አውልቆ?