ሟች የሌለበት ድንኳን

ስብሰባ ላይ ሻይ ሳይመጣ እጁን የሚያወጣ ሰው አልወድም። በባዶ ሆድ ምን አስተያየት ይኖራል? እኔ ሻዬን ጠጥቼ፣ ብስኩቴን በልቼ፣ ከተመቸኝም የጎረቤቴን ብስኩት ጨምሬ ነው የምናገረው። ባለፈው ግን ሳልዘጋጅ ተያዝኩ።

የከተማው ማኅበራት በሙሉ አንድ አዳራሽ ተጠርተን ነበር። እድሩ፣ የሐረሪዎቹ አፎቻ፣ የሴቶቹ፣ የወጣቶቹ፣ ማን ቀረ? ርዕሱ «በአደጋ ጊዜ የሲቪል ማኅበራት ቅንጅት» ይላል። አሠልጣኟ ከአዲስ አበባ የመጣች ትሁት ልጅ ናት። ግድግዳው ላይ ቀስት የበዛበት ሥዕል አበራችብን። ቀስቱ ከአንዱ ሳጥን ይወጣና ወደ ሌላው ይገባል፤ ደግሞ ተመልሶ ይወጣል። አይቼው ሳልጨርስ ወደ እኔ ዞራ፣ የእናንተ እድር የቅንጅት ሥርዓት አለው ወይ አለችኝ። ብስኩቱ አፌ ውስጥ ነው። «በደንብ!» ብዬ ተቀመጥኩ።

አልዋሸሁም። ግን ሥርዓቱን እንዴት እንዳገኘነው ብነግራት የትኛው ሳጥን ውስጥ ታስገባው ነበር? ለእናንተ ልንገራችሁ። እናንተ ሳጥን የላችሁም።

እኔ ሸዋ በር አካባቢ ያለው የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ነኝ። የእጅ ጽሕፈቴ ያምራል ይላሉ፤ ሌላ ለሹመት የሚያበቃ ነገር የለኝም። ጉዱንም የጻፍኩት በዚሁ በሚያምረው ጽሕፈቴ ነው። ከዓመታት በፊት አንድ አባል የእድሩን ድንኳን ለልጁ ሠርግ ተውሶ ወሰደ። ሲመልሰው ጣሪያው ላይ የሰው ጭንቅላት የሚያሳልፍ ቀዳዳ አለበት። ምን ነክቶት ነው ብንል፣ ርችት ነው አሉን። ደሜ ፈላ። በንዴቴ ደንባችን ላይ አንድ አንቀጽ አስጨመርኩ፦ «ድንኳን፣ ወንበርና ድስት ከሞት በስተቀር በማንኛውም ምክንያት ከመጋዘን አይወጣም።» ከሥሩም ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት። ጉባኤው አጨበጨበልኝ። ጭብጨባ ሰው እንደሚያጃጅል ያኔ የት አውቄ!

እሺ፣ አሁን ክረምት ነው እንበል። ያለማቋረጥ ዘንቦ ሲነጋ የእትዬ የሺ ቤት የጓሮ ግድግዳ ተደርምሶ አገኘነው። እትዬ የሺ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ልጆቻቸው ሩቅ የሚኖሩ፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሴት ናቸው። የሰፈሩ ለቅሶ ሁሉ በእሳቸው እጅ ነው ያለፈው። ማን ቤት ስንት ድስት ንፍሮ እንደተቀቀለ ከእኔ መዝገብ ይልቅ እሳቸው ያውቃሉ። ስደርስ ግቢው መሃል አልጋቸው ላይ ቁጭ ብለዋል። አልጋው፣ ቁምሳጥኑ፣ ፍራሹ፣ ሁለቱ ዶሮዎች፣ ሁሉም ደጅ ነው። ከላይ ከመንገዱ የሚወርደው ጎርፍ በጓሮ በኩል እየገባ የቀሩትን ሦስት ግድግዳዎች ከሥር ይሸረሽራል። ሰማዩ ደግሞ እንደገና ጠቁሯል።

እኔ ቤት ይምጡ ብላቸው እምቢ አሉ። ቤታቸውን ጥለው የትም አይሄዱም። «ይልቅ ያንን ድንኳን አምጣልኝ» አሉኝ። «ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከሥሩ ሳገለግል ኖሬ አንድ ቀን ብቀመጥበት ምን አለበት?»

እውነታቸውን ነው። ድንኳን ካልተተከለ፣ ጎርፉም ካልተመለሰ፣ የሚቀጥለው ዝናብ ቤቱንም ዕቃውንም ይዞት ይሄዳል። እሱም ምሳ ሰዓት ድረስ የሚጠብቅ አይመስልም።

በሩጫ ጋሽ ታደሰ ዘንድ ሄድኩ። ጋሽ ታደሰ የእድራችን ንብረት ኃላፊ ናቸው፤ የመጋዘኑን ቁልፍ አንገታቸው ላይ አስረው ነው የሚተኙት። መነጽራቸውን አደረጉ፣ መዝገባቸውን ገለጡ።

«የሟች ስም?»

«የሞተ የለም ጋሼ። ቤት ነው የፈረሰው።»

«እግዚአብሔር ይመስገን!» አሉና መዝገቡን ዘጉት።

ብለምን፣ ብቆጣ፣ ወይ ፍንክች! ጭራሽ ደንቡን አውጥተው አነበቡልኝ። የገዛ ጽሕፈቴን! ሁለቱን መስመሮች በጣታቸው እየተከተሉ፣ ይህን ማን ጻፈው ብለው ጠየቁኝ። ደንቡን የሚያሻሽለው ጠቅላላ ጉባኤ ብቻ ነው። ጠቅላላ ጉባኤያችን ደግሞ አንቀጹን ካጸደቀ ወዲህ ስድስት ጊዜ ተጠርቶ ስድስቱንም ጊዜ ሰው አልሞላ ብሎ የተበተነ ነው።

ስልኬን አወጣሁ። የወጣቶቹ ማኅበር ሰብሳቢ፣ እድሩ ከወጣ እኛም እንወጣለን አለኝ። የሴቶቹ ሰብሳቢ ደግሞ ወጣቶቹ መውጣታቸውን አጣራና ደውልልኝ አለችኝ። እድሩማ ሟች እየጠበቀ ነው። ሁሉም ቅን ሰዎች ናቸው እኮ! ግን ሁሉም በር ላይ ቆሞ ሌላው ቀድሞ እንዲገባ ይጋብዛል። ያቺ ልጅ ያሳየችን ቀስት ማለት ይሄው ነው፤ እኛ ሳንሠለጥንም እናውቀው ኖሯል።

ጨነቀኝ። ጥሩምባ ነፊያችንን ሽብሩን ፈልጌ፣ ለአስቸኳይ ስብሰባ አባላቱን ጥራልኝ፣ ጉዳቱን በዓይናቸው እንዲያዩት እትዬ የሺ ግቢ ይሁን አልኩት። ስህተቴ እዚህ ላይ ነው። ሽብሩ ዕድሜ ልኩን ለስብሰባ ነፍቶ አያውቅም። ስብሰባ በወረቀት ነው የሚጠራው። ጥሩምባ ሲሰማ ሰው የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ማን ቤት? ሽብሩም ያንን አንጀት የሚበላ ረጅሙን ነፋና «እትዬ የሺ ቤት!» አለ። ስብሰባ መሆኑን መናገሩን እስከ ዛሬ ይምላል፤ እኔም አምነዋለሁ። ግን ከዚያ በኋላ ማን ይሰማዋል? ሰዉ ለቅሶውን ጀምሯል።

ወሬው በስልክ ጀጎል ገባ፣ ጊደር መጋላ ገበያ ደረሰ። እኔ ይሄን ሁሉ አላወቅሁም። እትዬ የሺ አጠገብ ቆሜ አንዴ ሰማዩን፣ አንዴ በሩን አያለሁ። ሩብ ሰዓት ሆነ። ግማሽ ሰዓት ሆነ። አንድም ሰው የለም። ምን ዋጣቸው? ለካ ሰዉ ጥቁር ልብሱን እየፈለገ ኖሯል። ጫማውን ያስጠረገም አለ።

አንድ ሰዓት ሊሞላ ሲል በሩ ተከፈተ። መጀመሪያ የገባችው የአጥር ጎረቤታቸው ናት። በውኃ መውረጃ ቦይ ተጣልተው ሁለት ዓመት ሰላምታ የላቸውም። ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ደረቷን እየደቃች፣ «እህቴን! ሳልታረቅሽ! ቦዩስ በቀረብኝ!» እያለች ገባች። ቀና ስትል እትዬ የሺ አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ያይዋታል። ባለችበት ድርቅ አለች።

«ቀጥዪ እንጂ» አሏት እትዬ የሺ። «ስለ ቦዩ ጥሩ ጀምረሽ ነበር።»

ከዚያማ ሰዉ ግልብጥ ብሎ መጣ። አንዱ ያለቅሳል፣ አንዱ ያማትባል፣ አንዱ ሣቁ እንዳያመልጠው ያስላል። እትዬ የሺ ማን ከልቡ እንዳነባ፣ ማን ዓይኑን በምራቁ እንዳራሰ አንድ በአንድ ይለያሉ። አንዱን የሩቅ ዘመዳቸውን፣ ለዚህችው እንባህ ነው ጥቁር መነጽር ያደረግከው ብለው ላብ በላብ አደረጉት። እኔ ሣቄም መጣ፣ ፍርሃቴም አልለቀቀኝም። ደመናው ግንባራችን ላይ ነው።

ከጀጎል ግንብ ውስጥ ደግሞ ወይዘሮ ፋጡማ የአፎቻቸውን ሴቶች አስከትለው፣ ድስት አሸክመው ደረሱ። አፎቻን የሐረሪዎቹ እድር በሉት፤ ሠርጉም ሐዘኑም በእሱ ነው። ወይዘሮ ፋጡማ ጊደር መጋላ ቅመም ይሸጣሉ። እትዬ የሺ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ዋጋ ሲከራከሯቸው የኖሩ ደንበኛቸው ናቸው። ወይዘሮ ፋጡማ «ኢና ሊላሂ» እያሉ ገቡና እትዬ የሺን ሲያዩ ቆሙ።

«ሱብሃነላህ! ወላሂ የሺ፣ ሳትሞቺ ሱቄን አዘጋሽኝ?»

ተቃቅፈው አለቀሱ። ይሄኛው የእውነት ነው፤ እኔም አለቀስኩ፣ ምን አባቴ ላድርግ? ከዚያ ወይዘሮ ፋጡማ እንባቸውን ጠረጉ፣ ግድግዳውን አዩ፣ ሰማዩን አዩ። «ያ ጀማዓ! ምግቡ ተሠርቷል፣ ሰዉ መጥቷል፣ ምን ቆማችሁ ታያላችሁ? ዕቃ አንሱ!»

አቦ፣ የዚያን ጊዜ ነው የበራልኝ። የሚያስፈልገን ነገር ሁሉ ደጃችን ቆሟል እኮ! ቀባሪ ነን ብለው የመጡት ወንዶች አካፋና ዶማ ይዘዋል። ወደ ጓሮ ወሰድኳቸው፤ ለመቃብር ያሉትን ጉልበት ለቦይ አደረጉት። ያቺ የአጥር ጎረቤት ራሷ፣ በእኔ በኩል ቆፍሩ አለች። ወጣቶቹም እድሩ መውጣቱን አይተው ወጡ፣ አሸዋ በጆንያ ሞልተው የግድግዳውን ሥር ደገፉ። ጋሽ ታደሰም ጥሩምባውን ሰምተው ድንኳኑን በጋሪ አስጭነው መጡ፤ ለሞት የሚቀድማቸው የለም። ሁለት ምሰሶ እንደቆመ ሟች የተባሉትን አዩዋቸው።

«አውርዱ!» አሉ።



«ታደሰ» አሉ እትዬ የሺ፣ «ልሙትልህ እንዴ?»

ጋሽ ታደሰ አፈሩ፤ ቢሆንም አልተነቃነቁም። «እኔ ምን ላድርግ? የጻፈው እሱ ነው» ብለው ወደ እኔ ጠቆሙ። ሰዉ ሁሉ ዞሮ አፈጠጠብኝ። የመጀመሪያዋ ጠብታ አፍንጫዬ ላይ አረፈች። መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ! አንገቴን ደፍቼ ቆይቼ ቀና ስል ግን አንድ ነገር ታየኝ። ስድስት ጊዜ ጠርቼው እምቢ ያለኝ አባል ሁሉ፣ ጥቁር በጥቁር ለብሶ፣ ፊት ለፊቴ ቆሟል። ምልአተ ጉባኤ!

ወንበር ላይ ወጣሁና፣ «ከሞት በስተቀር» የሚለው «ከሞትና ከአደጋ በስተቀር» ይባል የምትሉ እጅ አውጡ ብዬ ጮህኩ። ወጣ። የአፎቻው ሴቶች አባል ሳይሆኑ አወጡ። እትዬ የሺ ሁለቱንም እጃቸውን አወጡ። ዝናቡ በኮሌታቸው ገብቶ በጀርባቸው ሲወርድባቸው ጋሽ ታደሰም አወጡ። ያ ድንኳን እንደዚያን ቀን ፈጥኖ ተተክሎ አያውቅም። ዕቃው ተረፈ። ቤቱ ሦስት ግድግዳውን ይዞ ተረፈ፤ አራተኛውን በሳምንቱ እድሩና አፎቻው አብረው አቆሙት።

እኔ ደንብ ካላወጣሁ እንቅልፍ አይወስደኝምና አንድ ሌላ ጨመርኩ። አንድ ረጅም ጥሩምባ ለሞት፣ ሦስት አጫጭር ለአደጋ። አፎቻውም፣ ወጣቶቹም ተስማሙበት። ብዙም ሳይቆይ አንድ ቤት ኩሽና ውስጥ እሳት ተነሣ። ሽብሩ ሦስት ነፋ። እናንተዬ፣ ሰው እንዴት ይሮጣል! አንዱ የፀጉሩን ሳሙና ሳይለቀለቅ፣ አንዷ በአንድ እግር ጫማ፣ ባልዲ ያልያዘ የለም። እሳቱ መጋረጃዋን ሳይጨርስ ጠፋ።

በማግስቱ እትዬ የሺ ቤቴ ድረስ መጡ።

«እኔ ስሞት ስንት ነው የሚነፋው?»

«ኧረ ክፉ አይናገሩ እትዬ! ለሞት አንድ ነው።»

«ለእኔ ሦስት ይሁንልኝ።»

«እትዬ፣ ሦስት በሕይወት ላለ ሰው ነው፤ ደንቡ እንዲህ...»

«ደንብህን እዚያው!» አሉኝ። «የዚያን ቀን ሞተች ብላችሁ ጫማችሁን አስጠርጋችሁ ነው የመጣችሁት። ለእኔ ሦስት ንፉልኝ። ማን ያውቃል፣ ከሮጣችሁ ሳልሞት ትደርሱልኝ ይሆናል።»