የእሳት ጉድጓዴና የኤዶ ሀዋ ወተት

«ሰው በገዛ ግቢው ካልሞቀው የት ሊሞቀው ነው?» ይል ነበር አባቴ ብርድ በመጣ ቁጥር፤ ነፍሱን ይማረውና። በወታደርነት ጅግጅጋ መጥቶ እዚሁ የቀረ ሰው ነው። እኔም ከአራተኛ ክፍል አላለፍኩምና ይህችን ቃሉን እንደ ሕገ መንግሥት ይዤ ኖርኩ።

ጅግጅጋን በረሃ የሚሏት ሰዎች እስቲ ኅዳር ላይ መጥተው ያምሹባት! ነፋሱ ከካራማራ ተነስቶ በቆርቆሮው ሥር ሲገባ ጋቢ ምን ያደርጋል? ስለዚህ አጥሬ ሥር እስከ ጉልበት የሚደርስ ጉድጓድ ቆፈርኩ፤ ዙሪያውን በድንጋይ ከበብኩት። ፀሐይ ስትጠልቅ አነዳለሁ፤ የሠርክ ጸሎቴን አደርሳለሁ፤ እሞቃለሁ። መንግሥት አልነካሁ፣ ሰው አልነካሁ።

ከአጥሩ ማዶ ያለችው ኤዶ ሀዋ ናት። ኤዶ በሶማሊኛ አክስት ማለት ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ እንዲያ ይጠራታል። የምትኖረው የግመል ወተት ሸጣ ነው። የወተት ዕቃዎቿን ታጥባለች፣ በወይራ ጭስ ታጥናለች፣ ከዚያ አጥሩ ላይ ታናፍሳቸዋለች። አንድ ምሽት በአጥሩ ብቅ ብላ፣ «ወላል፣ ወንድሜ፣ ጭስህ ዕቃዬ ውስጥ እየገባ ነው። ደንበኞቼ ሊሸሹኝ ነው» አለችኝ።

እኔ ዝም እላለሁ? «አንቺስ በጭስ አይደል የምታጥኚው? እኔ በነጻ አጠንኩልሽ፤ ምስጋናው ቀርቶ ክስ?» አልኳት። «የኔ ወይራ ነው፤ እንጨቱ ይመረጣል» አለች። ጭስ ጭስ ነው፣ ደግሞ ለጭስም ዘር መቁጠር ተጀመረ ወይ ብዬ ጀርባዬን ሰጠኋት።

በዚያ ምሽት እግዚአብሔር ለኤዶ ሀዋ ትዕግሥት እንዲሰጣት ጸለይኩ። ለራሴ መለመኑን ረሳሁት። ከዚያ እልህ ያዘኝና ሦስት ጊዜ አረንጓዴ ቀለም የተቀባውን አሮጌ የማድቤት በር ፈልጬ ማገድኩት። ጭሱ ጥቁር ነበር፤ ነፋሱም ወደ እሷ። የነፋሱ አለቃ እኔ ነኝ?

በማግስቱ የቶጎጫሌ ሚኒባሶች ከሚቆሙበት፣ እሷ ከምትሸጥበት ቦታ ሄድኩ። ይቅርታ ልጠይቅ እንዳይመስላችሁ! ወተቱ ምንም እንዳልሆነ በምስክር ፊት አረጋግጬ ላሳፍራት ነው። እኔ ክርስቲያን ነኝ፣ የግመል ወተት አልቀምስም። ስለዚህ አይቼው የማላውቅ አንድ ሹፌር ጠርቼ፣ «ና ወንድሜ፣ አንድ ኩባያ ልጋብዝህ፤ አንተ ፍረድ» አልኩት። ኤዶ ሀዋ አንዴ አየችኝና ቀዳችለት። ሌሎቹ ደንበኞቿ ኩባያቸውን ይዘው አፉን ይጠብቃሉ።

ፍርዱን ከመንገሬ በፊት ግን አንድ ነገር ይታወቅልኝ። ዛሬም እሳቴን አነዳለሁ። ጉድጓዱን ወደ ወዲያኛው ጥግ ያዛወርኩት ደስ ስላለኝ ነው። ደረቅ ግራር ብቻ የምማግደው ፍሙ ስለሚያምር ነው። ኤዶ ሀዋ ዕቃዎቿን እስክታስገባ ክብሪት የማልጭረውም ጸሎቴ ስለረዘመ ነው። ተሸነፈ የሚለኝ ካለ ይምጣ!

ሹፌሩ እንግዲህ፣ ስለ በሩ ማንም ትንፍሽ ሳይልለት፣ አንዴ ተጎነጨ። ዋጠ። ግንባሩን ቋጠረ። ከዚያ ወደ እሷ ዞሮ፦

«ኤዶ፣ እውነቱን ንገሪኝ፤ ግመልሽ የማንን በር በላች?»