በሃምሳ ሦስት ዓመቴ ያረገዝኩ ጊዜ

ሐረር ውስጥ ሰው ሳያየው መድኃኒት የገዛ ካለ አሳዩኝ። የለም! ፋርማሲ ገብታችሁ ስትሰለፉ ከኋላችሁ የምትቆመው ሴት ወይ አክስታችሁ ናት፣ ወይ የአክስታችሁ ጓደኛ። ይህን እያወቅሁ በጠራራ ፀሐይ ሸዋ በር ሄጄ መድኃኒት ገዛሁ። ከዚያ በኋላ የመጣብኝን ጉድ እስቲ ስሙኝ።

ሰናይት እባላለሁ። ሃምሳ ሦስት ዓመቴ ነው፤ ባሌ ከሞተ ስምንት ዓመት ሆኖታል። የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ። አዎ፣ የባዮሎጂ! ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ስለ ሥነ ተዋልዶ አስተምሬአለሁ። እርግጥ ያንን ምዕራፍ የማስተምረው ፊቴን ወደ ሰሌዳው አዙሬ ነው። በአንድ ክፍለ ጊዜ ድራሹን አጠፋዋለሁ፤ የዕፅዋት ሥር ግን ሁለት ሳምንት ይፈጅብኛል።

ታዲያ የወር አበባዬ ሄደና በምትኩ እሳት መጣ። ሌላ ምን ልበለው? ከደረቴ ይነሳል፣ ፊቴን ያነደዋል፣ ላቤ በማርክ መዝገቡ ላይ ይንጠባጠባል። እንቅልፍ የሚባል ነገር ጠፋ። አንድ ቀን የሴል ክፍሎችን ስዘረዝር ኒውክለስን ረስቼው ተማሪዎቹ አስታወሱኝ። ኒውክለስን! ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ።

ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ሐኪሟ ልጅ እግር ናት፤ ግን ሥራዋን ታውቃለች። መርምራ፣ የቤተሰቤን በሽታ ሁሉ ጠይቃ፣ ሆርሞን ይረዳዎታል አለችኝ። አንዱ ኢስትሮጅን ነው፣ ክንድ ላይ የሚቀባ ጄል። ማህፀን ያላት ሴት ግን እሱን ብቻውን ከተጠቀመች የማህፀኗ ግድግዳ እየወፈረ ሄዶ ለካንሰር ሊያጋልጣት ይችላል። ስለዚህ ጠባቂ ይጨመርበታል። የጠባቂው ስም ፕሮጄስትሮን ነው፣ የሚዋጥ እንክብል።

ዋጥኩ። እሳቱ በረደ። ነገር ግን ጠባቂው እኔን ራሴን ይጥለኝ ጀመር። ማታ የዋጥኩት በማግስቱ እስከ ረፋድ ድረስ ያንገዳግደኛል። ባንዲራ ሲሰቀል ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ። ተመልሼ ሄጄ ለሐኪሟ ነገርኳት። ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? ከእንግዲህ አይውጡት፣ በታች በኩል ያስገቡት። በየት በታች አልኳት። ነገረችኝ። በብልት! ስሙን ጠርታ፣ ዓይኔን እያየች!

ደነገጥኩ። ወንበሩን ያዝኩ። እሷ እንደ ዋዛ ቀጠለች። እንዲህ ሲሆን ወደ ደም የሚገባው ያነሰ ስለሆነ ማዞሩ ይቀንሳል፤ ለማህፀንም ቅርብ ነው፤ ደም ካዩ ግን ቶሎ ይምጡ። ራሴን ነቀነቅሁ። አንድም ጥያቄ አልጠየቅሁም። የባዮሎጂ አስተማሪ ሆኜ ምን ብዬ ልጠይቅ?

ከሐኪም ቤቱ የሰጡኝ እንክብል አልቆ ነበርና እንግዲህ ሸዋ በር የሄድኩት ያን ቀን ነው። የፋርማሲው ልጅ የቀድሞ ተማሪዬ ሆኖ አረፈው። ቲቸር፣ አጠቃቀሙን ልንገርዎት አለና ፊቱን ወደ መደርደሪያው አዙሮ ነገረኝ። ማን እንዳስተማረው ያስታውቃል። ከኋላዬ ደግሞ ጎረቤቴ ወይዘሮ የሺ ቆማለች። አምና ምራቷ ጽንስ እንዳይወርድባት የታዘዘላት ይኸው መድኃኒት ነበር፤ ካርቶኑን አሳምራ ታውቀዋለች። ካርቶኑን አየች። ሆዴን አየች። እግዚአብሔር በሰላም ይገላግልሽ አለችኝ። ከሕመሜ መስሎኝ አሜን አልኳት። አሜን!

ከሳምንት በኋላ በርበሬ ልገዛ ጊዲር መጋላ ገበያ ወረድኩ። አይሻ አሥራ አምስት ዓመት ቅመም የሸጠችልኝ ነጋዴ ናት። ገና ስታየኝ ከራሷ ዱካ ተነስታ አስቀመጠችኝ፤ አንድ ቁና የሚሆን አብሽም ቋጥራ ሰጠችኝ። ለምንድን ነው ስላት፣ ለወተት አለችኝ። ለምን ወተት?

«ለልጁ ነዋ! ማሻአላህ! አላህ ከሰጠ ማን ይከለክላል አቦ? የሺ ናት የነገረችኝ። እኔ ለማንም አልተነፈስኩም፣ ወላሂ! ለእህቶቼ ብቻ ነው የነገርኳቸው።»

እህቶቿ ስድስት ናቸው። በዚህ ቢያበቃ ምን ነበር! አባትየውም ታውቋል። ማን ነው አልኳት። ጣሪያሽ ላይ የሚወጡት ሽማግሌ ናቸው አይደል አለችኝ። ጋሽ ተድላ! ጋሽ ተድላ ሚስታቸው የሞቱባቸው ጎረቤቴ ናቸው። የውሃ ታንከሬ ባፈሰሰ ቁጥር መፍቻቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ ታንከሬ ደግሞ ቶሎ ቶሎ ያፈሳል።

አያችሁልኝ? ስምንት ዓመት ሙሉ ቀና ብዬ የሄድኩባትን ከተማ አንገቴን ደፍቼ ልሄድባት ነው። ዘጠኝ ወር ብትጠብቂ እውነቱን ያዩ ነበር ትሉኝ ይሆናል። አታውቋቸውም ማለት ነው። ያኔ ደግሞ አስወረደች ይሉኛል! ስለዚህ መድኃኒቱን ሁሉ ተውኩት። ካርቶኑ ካልታየ ወሬው ይሞታል ብዬ። ወሬው አልሞተም፣ እሳቱ ግን ተመለሰ። በሳምንቱ ክፍል ውስጥ ቾክ ይዤ ቆሜ ማልቀስ ጀመርኩ። አሁን ወይ መድኃኒቴን መተው ነው፣ ወይ ደግሞ አፍ አውጥቼ በየት እንደሚገባ መናገር። ከሁለቱ የትኛው እንደሚያሳፍር አስቡት።

የማርያም ማኅበራችን ዕለት ሄድኩ። ስገባ ሦስት ትራስ የተደረደረበት ቦታ ለይተውልኛል። ጠላውን ከፊቴ አንስተው ለስላሳ አደረጉልኝ። ከዚያ የማኅበሩ ታላቅ እማማ ጥሩወርቅ ጉሮሯቸውን ጠራርገው ተናገሩ። ለካ ሳልኖር ተሰብስበው መክረውብኛል! ይቅር ብለውኛል። ልጁ ምን አጠፋ ተብሏል። ማኅበሩ ያሳድገዋል። የክርስትና እናትም ተመርጣለች፣ የሺ።

ይቅር ሲሉኝ ከማማታቸው የባሰ አናደደኝ። ተነሳሁ። ፊቴን የማዞርበት ሰሌዳ የለም፤ ሁሉም ያዩኛል። አላረገዝኩም አልኩ። እሳቱን ነገርኳቸው፣ ጄሉን ነገርኳቸው፣ ጠባቂውን ነገርኳቸው፣ በመጨረሻም ጠባቂው የሚገባበትን በር በስሙ ጠርቼ ነገርኳቸው። ጋሽ ተድላም ከታንከሬ በቀር ምንም ነክተው አያውቁም ብዬ ቁጭ አልኩ።

እማማ ጥሩወርቅ «በየት አልሽ?» አሉኝ። ደገምኩላቸው። በስመ አብ ብለው በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። የሺ መሬት መሬት እያየች «እኔስ እርግዝናው ይሻል ነበር» አለች። ግን ስወጣ ሁለት ሴቶች ተከትለውኝ የሐኪሟን ስም በሹክሹክታ ጠየቁኝ። አንደኛዋ እንቅልፍ ካጣች ሦስት ዓመቷ ነው። ለማንም ተናግራ አታውቅም።

ስሜ ተመለሰ ማለት ነው። እፎይ ብዬ በዚያው ወደ ጋሽ ተድላ ቤት አለፍኩ፤ በእኔ ሰበብ ስማቸው የተነሳ ሰው ናቸው፣ ይቅርታ ይገባቸዋል። በራቸው ላይ መስታወት አቁመው ጢማቸውን ይላጫሉ። ፀጉራቸውን ሳይ ደነገጥኩ። ጥቁር ቀለም ተቀብተዋል።

«ጋሽ ተድላ፣ ወሬውን ሰምተዋል?»

«ሰምቻለሁ። ሁለት ሳምንት አለፈው።»

«ታዲያ ለምን አላስተባበሉም?»

ምላጫቸውን በውሃ አለቀለቁ።

«ቲቸር፣ ስድሳ ስምንት ዓመቴ ነው። ሰው መንገድ ላይ ሲያገኘኝ የሚጠይቀኝ ስለ ስኳሬ ነበር። አሁን በኤረር በር ሳልፍ የባጃጅ ሾፌሮቹ አቁመው ‘አቦ ፋዘር፣ አንበሳ!’ ይሉኛል። ምን ብዬ ነው የማስተባብለው?»

ለማኅበሩ እውነቱን መናገሬን ነገርኳቸው።

«ሁሉንም?» አሉኝ።

«ሁሉንም።»

«እኔ እንደሌለሁበትም?»

«እሱንም።»

ምላጩን አስቀመጡ። ግማሽ ፊታቸው ተላጭቷል፣ ግማሹ አረፋ ነው። እንደዚያው ሆነው አዩኝ።

«ስሜ ጠፋ ብለሽ ስታለቅሺ ከረምሽ» አሉኝ፤ «ይኸው አሁን አንቺ የእኔን አጠፋሽው።»