የሁለት ሲኒ ጣጣ

ሻይ ጥሩ ነው። ሻይን ሰው ብቻውን ቢጠጣው ማንም "ምን ሆነሃል?" ብሎ አይጠይቀውም። ቡና ግን እንዲህ አይደለም። ብቻዋን ቡና የምትጠጣ ሴት ወይ ታማለች፣ ወይ ተጣልታለች፣ ወይ የምትደብቀው ነገር አለ። እኔ ሞክሬዋለሁና ጠይቁኝ።

ያኔ ነፋስ ስልክ፣ ከደብረ ዘይት መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ ካለ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቼ እኖር ነበር። ሥራዬ ታይፒስትነት ነው። ቀኑን ሙሉ የሰው ደብዳቤ ስመታ እውልና ማታ በሚኒባስ ተጋፍቼ፣ ጫማዬን ተረግጬ እገባለሁ። ዕድሜዬን አትጠይቁኝ፤ ግቢው ጠይቆ ጨርሶታል። አላገባሁም። ይሄ እንግዲህ በአንድ ቃል ተነግሮ የሚያልቅ ነገር ነበር። እትዬ አስካለ ቤት ግን አያልቅም።

እትዬ አስካለ አከራዬ ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል፤ ልጆቻቸውን ሁሉ ድረዋል፤ የሚድሩት ሰው ሲያልቅባቸው ወደ እኔ ዞሩ። ደግ ሴት ናቸው። ችግሩም ደግነታቸው ነው። ክፉ አከራይ ቢሆኑ በሬን ዘግቼ እቀመጥ ነበር። እሳቸው ግን ጠዋት ከመውጣቴ በፊት፣ ማታ ደግሞ ገና ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ፣ "ሙሉዬ፣ ቡና ደርሷል፣ ነይ" ይላሉ። መቅረት የለም። ከሄድኩ ደግሞ ወሬው አንድ ነው፤ ባሌ። የሌለው ባሌ ማለቴ ነው። ጎረቤታችን ብርቄ፣ የልብስ ሰፊው ሚስት፣ አቦሉ ላይ "እንዲያው ምን ይሆን የያዘሽ?" ብላ ትጀምራለች። ቶናው ላይ በአካባቢው ያለ ሚስቱ የሞተችበት፣ ሚስቱ ጥላው የሄደች፣ ሚስቱ ልትሄድ ያሰበች ሁሉ ስሙ ይነሳል። በረካው ላይ ጸበል ይታዘዝልኛል።

እኔ ደግሞ ቡና ካልጠጣሁ ራሴን ይፈልጠኛል። እንግዲህ ፍረዱኝ። ብሄድም ራስ ምታት፣ ብቀርም ራስ ምታት።

አንድ ቀን ቢሮ ውስጥ በዚሁ ስማረር፣ አስመራ ያደገች አንዲት ባልደረባዬ ሳቀችብኝ። እሷ የጣሊያን ጀበና አላት። ከብረት የተሠራ፣ ምድጃ ላይ የሚጣድ፣ ፊቷን ታጥባ እስክትጨርስ ቡናውን አፍልቶ የሚጠብቃት። ማንንም አትጠራም፣ ማንም አይጠራትም። ይሄን ስሰማ ገነት የገባሁ መሰለኝ።

ቅዳሜ መርካቶ ወረድኩ። መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመት ቢሆነው ነው፤ ገበያው በውጭ ዕቃ ተጥለቅልቋል። ከየት እንደመጣ ባለሱቁ ራሱ የማያውቀው ዕቃ መዓት ነው። ሻጩ ሁለት ጀበና አወጣልኝ። የአንዱ ዋጋ አይቀመስም። የሌላው ግን ርካሽ ነው። ምን ይለያቸዋል ብዬ ስጠይቀው፣ "ስም ነው እንጂ እህቴ፣ ወንድማማች ናቸው" አለኝ። ከአንድ እናት ልጆችም መሃል አንዱ ሌባ ሊወጣ እንደሚችል ያን ጊዜ አልታሰበኝም። ርካሹን ገዛሁ። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ።

አሠራሩ ቀላል ነው አለኝ ሻጩ። ከታች ውሃ፣ መሃል ቡና፣ ከላይ ባዶ። ውሃው ሲፈላ ቡናውን ይዞ ወደ ባዶው ይወጣል። እሰየው ብዬ በማግስቱ ጠዋት ቡታጋዜ ላይ ጣድኩት። ቡናው ለሸክላ ጀበና የተወቀጠ ነው፤ እንደ ሽሮ የላመ። እንዲበረታልኝ ብዬ በማንኪያ ጀርባ ጠቀጠቅኩት። እሳቱንም ለቀቅኩት። ጠበቅኩ። አልወጣም። ክዳኑን ከፍቼ አንገቴን ሰገግ ሳደርግ ነው ጉድ የፈላው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ማፍሰሱ ላይ ነኝ እንጂ ለመልቀም አልታደልኩም። ቡናው ኮርኒስ ላይ ነበር።

ኮርኒሱ ደግሞ አቡጀዲ ነው። እትዬ አስካለ ለፋሲካ ብለው ያስለወጡት ነጭ አቡጀዲ። ፍንዳታውን ሰምተው እየሮጡ መጡ። እኔ በዚያች ቅጽበት ጀበናውን ከአልጋ ሥር ወረወርኩት። ለምን በሉኝ። ከእናንተ ቡና ለማምለጥ መሣሪያ ገዛሁ ብሎ ለደግ ሰው እንዴት ይነገራል? "ቡታጋዙ ነው እትዬ" አልኩ። እሳቸውም "ግድ የለም፣ ነፍስሽ ትትረፍልኝ" ብለው ኮርኒሱን ቀና ብለው አዩትና መጥረጊያ ጨርቅ ሊያመጡልኝ ወጡ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። አዲስ አቡጀዲ ገዝቼ የብርቄ ባል ሰፋልኝ።

ከዚያ በኋላ መከራዬን ያየሁት ከዚያ ብረት ጋር ነው። አንድ ጠዋት እሳቱ እጀታውን ልሶት ቀለጠና እንደ በሽተኛ ክንድ ተጣመመ። ሌላ ጠዋት መሃሉ ላይ ያለው ጎማ ተቃጠለ። ይዤው መርካቶ ብመለስ ሻጩ ዕቃውን አገላብጦ አየና፣ ጤነኛ ነው፣ አያያዝሽ ነው አለኝ። እኔን ነው እንግዲህ የታመምሽው አንቺ ነሽ ያለኝ። በመጨረሻ ጎሚስታ ቤት ሄጄ ከብስክሌት ጎማ አስቆረጥኩለት። ለጥቂት ጊዜ ቡናዬ ብስክሌት ብስክሌት ይል ነበር።

ግን ተላመድን። እሱም እኔን፣ እኔም እሱን። ቡናውን ሸካራ አድርጌ፣ ሳልጠቀጥቅ፣ በትንሽ እሳት። ጠዋት ጠዋት ሽሽሽ ይላል፣ ቀጥሎ ጉሮሮውን እንደሚጠርግ ሰው ይንተከተካል፣ ከዚያ ቡናው ይወጣል። ልኩ ሁለት ሲኒ ነው። ውስጡ ከቆየ ብረት ብረት ስለሚል ወዲያው በሁለት ሲኒ ቀድቼ ሁለቱንም እጠጣለሁ። ሲኒዎቹን አጥቤ እንዲደርቁ ሁለቱንም ደጃፌ ላይ እደፋቸዋለሁ። ሥራ እሄዳለሁ። ማንም ስለ ባሌ አልጠየቀኝም። እንዴት ያለ ሰላም መሰላችሁ።

እትዬ አስካለ ሲጠሩኝ "ጠጥቻለሁ" እላለሁ። "ከማን ጋር?" ይላሉ። "ብቻዬን" እላለሁ። ቆይተው መጥራቱን ተዉት። ብርቄ ስታየኝ ፈገግ ማለት አመጣች። እትዬ አስካለ ፀሐይ ሳይወጣ የማይከፍቱትን የግቢ በር በሌሊት መቀርቀሪያውን አንስተው ገርበብ ማድረግ ጀመሩ። ለእኔ አስበው መሰለኝ። ሞኝ ነኝ።

አንድ ቅዳሜ ምስር እየለቀሙ ጠሩኝና አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

"ሙሉዬ፣ እኔ እንደ እናትሽ ነኝ። ነገሩን ሰምቻለሁ" አሉ።

በእኔና በእሳቸው መኝታ ቤት መሃል ያለው ግድግዳ ስስ ጭቃ ነው። በቃ፣ ያ ብረት ሲንተከተክ ሰሙት አልኩ።

"ይቅርታ እትዬ። የደበቅኩት እርስዎን ንቄ አይደለም።"

"ይገባኛል፣ ልጄ። ሰው ነሽ። ለመሆኑ ከየት አገኘሽው?"

"ከመርካቶ ነው። የጣሊያን ነው ብለውኝ ነበር፤ እኔ ግን አልመሰለኝም።"

እጃቸው ምስሩ ላይ ቆመ። "ጠባዩስ?" አሉ።

ዕቃም ጠባይ አለው እንል የለ? ምንም አልጠረጠርኩም። "መጀመሪያ ላይ አስቸግሮኝ ነበር። ከቸኮልኩበት ይጮህብኛል። አሁን ቀስ ብዬ ስይዘው ደህና ነው። እጁ ጠማማ ነው እንጂ።"

"እጁ?"

"እሳት ነው ያበላሸው። ለእኔ ግን ይበቃኛል። ርካሽ ነገር መቼም እንዲህ ነው።"

እትዬ አስካለ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። "ራስሽን እንዲህ አታርክሺ፣ ልጄ" አሉኝ። ለጀበና ይሄ ሁሉ እንባ ምንድን ነው ብዬ ገረመኝና ወደ ክፍሌ ገባሁ።

ሰንበትበት ብሎ አንድ እሁድ፣ ገና ሲነጋጋ፣ ጀበናዬ መንተክተክ እንደጀመረ በሬ ተንኳኳ። ከፈትኩ። ታላቅ ወንድሜ ነው፣ ወንድም ጋሼ፣ ከደብረ ዘይት። ካፖርቱን ለብሶ ዱላ ይዟል። ከኋላው እትዬ አስካለ ነጠላቸውን አጣፍተው ቆመዋል። ለካ ቀደም ብለው በሰው ልከውበት፣ እሱም ማታ መጥቶ እሳቸው ቤት አድሮ ኖሯል።

"ወንድም ጋሼ፣ በሰላም ነው? ማን ሞተ?" አልኩ።

"ገና ነው" አለ። ገፍቶኝ ገባ። "ውጣ በይው።"

"ማንን?"

"ሰውየውን። አሁን ጉሮሮውን ሲጠርግ በግድግዳው ሰምቼዋለሁ።"

አጎንብሶ ከአልጋዬ ሥር በዱላው ፈተሸ። ከአሮጌ ጫማዬ በቀር የወጣ የለም። ቀና ሲል ጀበናው ቡታጋዙ ላይ እንደ ልማዱ እንደገና ጉሮሮውን ጠርጎ ተንተከተከ። ሦስታችንም ዞር ብለን አየነው።

ወንድም ጋሼ ቀስ ብሎ ዱላውን ግድግዳው ላይ አስደገፈ። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። እኔ ሌላ የማደርገው ስላጣሁ እንደ ልማዴ በሁለት ሲኒ ቀዳሁ። አንዱን አንስቶ ጠጣ።

"እጁ ጠማማ የተባለው ይሄ ነው?" አለ።

"አዎ።"

"የጣሊያኑ?"

"ነው ብለውኝ ነበር።"

ወደ እትዬ አስካለ ዞረ። "እርስዎ ግን በዓይኔ አይቼዋለሁ ነው ያሉኝ። ረጅም ነው፣ ጎንበስ ብሎ ነው ሰላም የሚለው፣ መካኒሳ ቤት አለው ብለውኛል።"

እትዬ አስካለ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ። በርጩማዬን ስቤ አስቀመጥኳቸው። ነገሩ እንዲህ ነው። ጠዋት ጠዋት ደጃፌ ላይ ሁለት ሲኒ እያዩ ሰው ያድራል ብለው ኖሯል፤ የግቢውንም በር ገርበብ ያደረጉት ለእሱ መውጫ ነው። ምስሩ ላይ የነገርኳቸውን ለብርቄ በምስጢር ነገሯት። ብርቄ ደግሞ ምስጢር ሆዷን ይቆርጣታል። ሠፈሩ ሙሉዬን እጁ ጠማማ የሆነ አምባጓረኛ ያዛት ማለት ጀመረ። እሳቸው ይሄንን ሲሰሙ ስሜን ሊያድኑ፣ የለም፣ እኔ አይቼዋለሁ፣ ጨዋ ነው አሉ። እጁስ ሲሏቸው፣ መካኒክ ነው፣ በሥራ ላይ ነው የተጎዳው አሉ። ቤትስ ሲሏቸው፣ ቤት ሰጡት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እያሳመሩ ሰውየውን ለሠርግ አደረሱት። አሁን ደግሞ ሰውየውን አግኝቶ ነገሩን በወግ እንዲጨርስ ወንድሜን አስጠርተዋል። የሌለ ሰው መኖሩን በገዛ አፋቸው ሲናገሩ ሲናገሩ እሳቸውም አምነውታል።

"ሙሉዬ፣ አታዋርጂኝ" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ብርቄ ደጅ ቆማለች።"

ተናድጄ ነበር። በእኔ ስም ያልተወለደ ሰው ከነቤቱ ፈጥረው፣ አታዋርጂኝ የሚሉኝ እሳቸው ናቸው። ግን ሳያቸው አሳዘኑኝ። የሴቶች ዕድር ሰብሳቢ ናቸው፤ ሠፈሩ ሲጣላ የሚያስታርቁት እሳቸው ናቸው። ነገ ውሸታቸው ቢወጣ ከዚያ በኋላ ማን ይሰማቸዋል? እኔ ግን ብከስር የማጣው የሌለ ሰው ነው።

"ትቶኝ ሄደ በሏቸው" አልኩ።

ወንድም ጋሼ ተቆጣ። "ትቷት ሄደ አይባልም፤ ቤተሰብ አላት። ትታዋለች ነው የሚባለው" አለ። የሌለን ሰው ማን ተወው በሚለው ስንከራከር ቡናው ቀዘቀዘ። በመጨረሻ ካፖርቱን ቆልፎ ወጣና ለብርቄ "ነገሩ ቀርቷል፤ እኛ ነን የተውነው" አላት። ብርቄ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች።

ሲሄድ ጀበናውን ይዞት ሄደ። እንዲህ ያለ ሰው አጣይ ዕቃ ቤት ውስጥ አይቀመጥም አለኝ። ከግቢው በር ተመልሶ ግን ቡናው ምን ያህል ሸካራ መሆን እንዳለበት ጠየቀኝ።

ከዚያ ወዲያ ቡና ጠጣሁ እንጂ ሌላ ምን ሠራሁ በሉኝ። ሊያጽናኑኝ በየተራ ይጠሩኛል። ዛሬ አንዷ ቤት፣ ነገ ሌላዋ ቤት። የድሮው ቡና ቢያንስ ስለሚመጣው ባል ነበር፤ ይሄኛው ስለሄደው ነው። ሁሉም ደግሞ አይቶት ኖሯል። አንዷ በር ላይ ሰላም ብሏታል። ለሌላዋ ከወፍጮ ቤት ስትመለስ ዱቄቷን ተሸክሞላታል፣ በዚያ በተጎዳ እጁ። የብርቄ ባል ኮቱን ያሳጠርኩለት እኔ ነኝ ብሎ ምሎ ተገዝቷል። እትዬ አስካለ መጀመሪያ መሬት መሬት ያዩ ነበር፤ ሲቆዩ እሳቸውም ጨመሩበት። አንድ ጊዜ ብርቱካን ይዞላቸው መጥቶ፣ ሙሉን አደራ ብሏቸዋል። ሲጠጣ እንኳ አይታይም፣ ሲጋራ በዞረበት አይዞርም፣ የእናቱን ስም ሳይጠራ አይምልም።

እኔ ሲኒዬን ይዤ እሰማለሁ። አንድ ማታ እንዲህ ሲያወሩልኝ አምሽቼ ወደ ክፍሌ ገባሁ፣ በሬን ዘጋሁ፣ አልጋዬ ላይ ተቀመጥኩና አለቀስኩ። እንዲህ ያለውን ሰው እንዴት ተውኩት?